የአየር መውጫችንን ስለደፈኑልን

ይድረስ ለክቡር አቶ ዘርይሁን፣
ካሳራኒ፣ ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ ለሚገኘውና አብዛኞቻችን ሐበሾች ተከራይተን ለምንኖርበት ሕንጻ አስተዳዳሪ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በዚህ ፀሐይ ሳምንት ሙሉ ፊቷን በማታሳይበት የናይሮቢ ሐምሌ፣ እርስዎና ቤተሰብዎ ሞቃችሁ እንደምታድሩ ስለምናውቅ የምንጠይቀው ለወጉ ያህል ነው። እኛም ከጎረቤቴ ከእማማ ሃረጉ በስተቀር ደኅና ነን።

በኃይል ቁጠባ ረገድ የዋሉልን ውለታ በደረጃው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መቅረት የለበትም ብዬ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌያለሁ። ማስታወቂያዎ «ሙቀት ሀብት ነው፤ አናባክነው» ይላል። የተለጠፈበት ግድግዳ ግን ከላይ እስከ ታች በሻጋታ ጠቁሯል።

አንደኛ፣ ስለ ሙቅ ውሃው። ጣሪያው ላይ ያለው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ለምን እንደማያሞቅ ወጥቼ አይቻለሁ። መስታወቱን የወፍ ኩስ እንደ ልስን ሸፍኖታል። ከተሰነጠቀው ቧንቧ ሥር አረንጓዴ አተላ ተጋግሯል። ክዳኑ በተነሳው ታንከር ውስጥ ላባ ይንሳፈፋል፤ የላባውን ባለቤት ጎንበስ ብዬ አልፈለግኩም። ፊታችንን የምንታጠበው በዚሁ ውሃ ነው። ፀሐይ በነፃ የምትሰጠውን ሙቀት በአንድ መጥረጊያ እጦት መልሶ መስደድም ቁጠባ መሆኑን ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ኤሌክትሪኩ። ማንም ተከራይ ማሞቂያ ሲሰካ የክፍሉ መብራት ድርግም ብሎ እንዲጠፋ አድርገዋል። የእርስዎ መኝታ ቤት የአየር ማሞቂያ ማሽን ግን ከዚህ ደንብ ውጭ መሆኑን፣ ከግድግዳው ውጭ የተንጠለጠለው አካሉ በእማማ ሃረጉ የልብስ ገመድ ላይ በሚያንጠባጥበው ውሃ እናውቃለን።

ሦስተኛ፣ ስለ አየር መውጫው። ሕንጻውን የሠሩት ሰዎች ከየመስኮቱ በላይ የማይዘጋ የአየር መውጫ ትተው ነበር። እርስዎ ሙቀት ይባክናል ብለው ሁሉንም በሲሚንቶ አስደፈኑ። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን መርቀንዎታል። ማታቱ ታክሲ ውስጥ መስኮት በተከፈተ ቁጥር ንፋስ መታን እያልን ከረዳቱ ጋር የምንጣላ ሰዎች ነንና፣ ከንፋስ የሚያድነን አስተዳዳሪ አገኘን ብለን ነበር።

እማማ ሃረጉ ሦስቱም ውለታዎች በአንድ ሌሊት ደረሷቸው። ሙቅ ውሃ የለም፣ ማሞቂያ አይሰካም፤ ስለዚህ ጂኮ የምንለውን የከሰል ምድጃ ሞልተው በረንዳ ላይ አቀጣጠሉ። ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ወደ ክፍላቸው አስገቡት። ጭስ የሌለው ፍም አይጎዳም ብለን ያደግን ሁላችንም እንደዚያው እናደርግ ነበር። የሚገድለው አየር ሽታም መልክም እንደሌለው የነገረን በማግስቱ ሐኪሙ ነው።

ጎረቤታቸው ቶሎሳ ኢምባካሲ ወዳለው የካርጎ ሥራው ሊወጣ ሲል እንደ ልማዱ በራቸውን ሲያንኳኳ መልስ አጣ። በበረንዳው በኩል ዞሮ መስኮቱን ሰብሮ ገባና ተሸክሟቸው ወጣ። በሕይወት ያሉት በዚያ መስኮት ምክንያት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ላለው ተራ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። እማማ ሃረጉ ገና ኦክሲጅን ተደርጎላቸው ሳለ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሠራተኛ ልከው የተሰበረውን መስኮት በካርቶንና በፕላስተር አሳሸጉት። ሙቀት እንዳይባክን ነው አሉ። ከዚያም ሆስፒታል ሄደው፣ በሕመምተኛዋ አልጋ ራስጌ ቆመው፣ «እማማ፣ ምን ነካዎትና ከሰል ያስገባሉ?» ብለው ገሠጿቸው። እርሳቸውም በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው «ልጄ፣ ሙቀት አታባክኑ አላልክም? እኔማ ትንፋሼንም ልቆጥብልህ ነበር» አሉዎት። የሳቁ መስሎዎት አብረው እንደሳቁ ነርሷ ነግራናለች።

እማማ ሃረጉ ቅዳሜ ወደዚያው ክፍል ይመለሳሉ። ሌላ የሚገቡበት ቤት የላቸውም። ስለዚህ ከቅዳሜ በፊት የየክፍሉ ሲሚንቶ ተፈልፍሎ እንዲወጣ፣ ካርቶኑ ተነስቶ የሚከፈት መስኮት እንዲገባ፣ ጣሪያው ላይ ያለውም ማሞቂያና ታንከር እንዲጠረግ በታላቅ ትሕትና እንጠይቃለን። ጊዜ ካነሰዎት አይጨነቁ። ቶሎሳ መዶሻ አለው፤ አርብ ማታ ሁላችንም ቤት ነን።

አየር እስከሚያልቅብኝ ድረስ የማያልቅ አክብሮት ያለኝ፣
ክብረት፣ ከአራተኛ ፎቅ፣ በእማማ ሃረጉ ግድግዳ ተጎራባች

ማሳሰቢያ፦ እማማ ሃረጉ ጂኮውን ለእርስዎ በስጦታ ልከውልዎታል፤ በርዎ ላይ ተቀምጧል። ሲጠቀሙበት ግን መስኮትዎን ከፍተው እንዲሆን አደራ ብለዋል። ይህችን የአደራ ዓረፍተ ነገር ያስጻፉኝ እርሳቸው ናቸው፤ ለእኔ ቢተውልኝ አልጽፋትም ነበር።