እሱ ካቆመበት

ውድ ልጄ ሚልካ፣ የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ተመስገን ነው፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል።

«ስለ አባዬ ልጽፍ ቁጭ እላለሁ፤ መጀመሪያው ይጠፋኛል» ያልሽኝ ከልቤ አልወጣም። አባትሽ ላንቺ መሸመን ጀምሮ ሳይጨርሰው ያረፈውን ነጠላ ዓመት ሙሉ ማንንም አላስነካሁም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ጓደኛውን ሸማኔውን ኢዮሲያስን ጠራሁት።

«የኔና የሱ እጅ ልዩነቱ ይታያል፤ ፈትቼ እንደ አዲስ ልሥራው?» አለኝ።

«ይታይ እንጂ። እሱ ካቆመበት ቀጥል» አልኩት።

ሸምኖ ጨርሶታል፤ አሁን የአባትሽ እጅ የት እንዳበቃ በጣቴ ዳስሼ አውቀዋለሁ። አንቺም መጀመሪያ አትፈልጊ፤ እሱ ካቆመበት ጀምሪ። የጻፍሽውን፣ ባያምርም፣ በስልክ አንብቢልኝ።

ጌታ እጅሽን ይባርክ። የነጠላውን ጫፍ አላስቋጨሁትም፤ ስትመጪ አንቺ ትቋጪዋለሽ።

እናትሽ ሠርካዲስ
ከጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ