የዊንዶው ሰባት ሞትና የጋሼ ኢድሪስ መከዳ

ሰኞ

በጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። ዊንዶው ሰባት ባደረበት ድንገተኛ ሕመም ዛሬ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟች አሶሳ መናኸሪያ አጠገብ፣ እትዬ ብርሃኔ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት፣ ማመልከቻ በመጻፍ ለብዙ ዓመታት በቅንነት አገልግሏል። አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ስቴፕለርና አንድ ጋሼ ኢድሪስ ትቶ አልፏል።

ይኼን በትልቁ አትሜ፣ ዙሪያውን በጥቁር እስክሪብቶ አጥሬ ስክሪኑ ላይ ለጠፍኩት።

ውሸት ነው። ሰባት አልሞተም። ኮምፒውተሩ አንድ፣ እኛ ሠራተኞቹ ሁለት ስለሆንን ዲስኩን ለሦስት ከፍዬዋለሁ። አንዱ ክፍል ላይ አሮጌው ሰባት አለ፣ ለጋሼ፤ የአማርኛ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራማቸው ከሱ ሌላ ላይ አይሠራም። ሁለተኛው ላይ አዲሱ ዊንዶው አስር አለ፣ ለእኔ ፎቶ። ሦስተኛው የጋራ ዕቃ ቤታችን ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሠላሳ ሰከንድ ቆሞ የቱን ልክፈት ይላል። እኔ ሠላሳዋን ዜሮ አደረግኋት። በቃ፣ ሳይጠይቅ አስር ይከፈታል።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። ይስቃሉ ብዬ ከንፈሬን ነክሼ ጠበቅኩ። አልሳቁም። የመሬት ክርክር ይዛ ተራ የምትጠብቅ ሴትዮ ነበረች፣ ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት መሯት። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። የወንበራቸውን መከዳ ብብታቸው ሥር አድርገው ወጡ።

«ለቅሶ ነው የሚሄዱት ጋሼ?» አልኳቸው ከኋላ። ዞር አላሉም።

ማክሰኞ

ወንበሩ ባዶ ነው። እትዬ ብርሃኔ ሲጠይቁኝ አሟቸዋል አልኩ። ውሸት ቁጥር ሁለት።

ሠላሳዋን ብመልሳት ያልቅ ነበር። እኔ ግን መች በቃኝ አውቃለሁ። ሰባታቸው ዘገምተኛ ነበርና፣ ሲመጡ ደስ ይበላቸው ብዬ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት።

አስር አልከፈትም አለ። ጭራሽ ስሙም የለም። ሰባት ይከፈታል፣ ግን ፊደል መጻፊያው ከአሮጌው ጋር አብሮ ጠፍቷል። የሚጫንበት ሲዲ ደግሞ ጋሼ ጋ ነው። አንዴ ክር አስሬበት የሰው ባጃጅ ላይ ለጌጥ ሰቅዬባቸው ስለነበር ከእኔ ይደብቁታል።

ዛሬ ሳልሠራ የመለስኳቸው ሥራዎች፦ ጉርድ ፎቶ ሦስት፣ ማመልከቻ አምስት፣ የሠርግ ጥሪ አንድ። ሙሽራው ረገመኝ መሰለኝ።

የጋሼ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም።

ረቡዕ

ልቤ ተሰበረ። ቀልድ አይደለም።

እትዬ ብርሃኔ ከገበያ ሲመለሱ የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የጋሼ ቁልፍ ነው። ጋሼ ገበያ አግኝተዋቸው፣ ለስንት ዓመቱ እንጀራ አመስግነው ቁልፉን ሰጧቸው። ምን ሆኑ ቢሏቸው፣ «ገብቶኛል። ሽማግሌን ሂድ አይሉም፤ ወንበሩን ነው የሚያነሱ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እትዬ ግራ ገብቷቸው እኔን ያዩኛል። እኔ ስቴፕለሩን አያለሁ።

መከዳውን ለምን እንደወሰዱ አሁን ገባኝ። ሱቁ ያባረራቸው መስሏቸዋል። በአዲስ ዊንዶው፣ በእኔ እጅ፣ በአሽሙር።

ከዘጠነኛ ክፍል ስቀር መንገድ ለመንገድ ስዞር ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ፊደሉን ሳላይ እንድጽፍ እጄን በጋዜጣ ሸፍነው አስተማሩኝ። አንዴም «አንቺ» ብለውኝ አያውቁም፤ ወንድም ሴትም ለሳቸው «አንተ» ነው። እኔም «አቤት ጌታዬ» እያልኩ አበሽቃቸዋለሁ። ዛሬ አንተ የሚለኝ ጠፋ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ውሃም አልነበረም፣ ፊቴን በኮፒ ወረቀት ጠረግሁ።

ለእትዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልጮሁም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

ሞባይል ጠጋኙን ከማልን ለምኜ አመጣሁት። ሲያይ ሳቀብኝ።

«አሮጌው ነው መጀመሪያ የሚጫነው፣ አዲሱ ቀጥሎ። አዲሱ አሮጌውን ያውቀዋል። አሮጌው ግን ኋላ ከገባ፣ አዲሱ መኖሩንም አያውቅ» አለኝ።

በፍላሽ ገብቶ መነሻውን ጠገነው። ሁለቱም ስማቸው ተሰልፎ መጣ። ፎቶዎቼ አሉ። የጋሼ ጽሑፎችም ዕቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ሳይጎድል አሉ። መክፈቻ ፊደል ብቻ የለም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከማል የተናገረው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ዲስክ ላይ እንኳ አሮጌውን ማወቅ የአዲሱ ሥራ ነው። ይኼን ለማወቅ አሥረኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም ነበር።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ፣ ቁልፉን ይዤ። ማንጎ ዛፋቸው ሥር ተቀምጠው ፍሬውን ሳጥን ውስጥ ይሞላሉ። መከዳው ከሥራቸው ነው። ሰላምታዬን መለሱ፣ ቀና ግን አላሉም።

የመንገድ ላይ ንግግሬ ሁሉ ጠፋኝ። «ሰባት አልሞተም ጋሼ። እኔ ነኝ የደበቅሁት። ይሂዱ ያለዎት ሰው የለም» አልኩ።

አንድ ማንጎ አንስተው ልጠው ጨረሱ።

«አንተ ልጅ፣ ሞተ ተብሎ አይቀለድም» አሉኝ።

ዊንዶው ሰው ነው እንዴ ልል ነበር። ዋጥኩት። በሕይወቴ የዋጥኩት የመጀመሪያው ቀልድ ነው፣ ይመዝገብልኝ።

ማንጎውን ግማሽ ሰጡኝ። ቁልፉን ሳጥኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ። አላነሱትም። እስከ አጥሩ ድረስ እየዞርኩ አየሁ፤ አላነሱትም።

ቅዳሜ

ስደርስ ሱቁ ተከፍቷል።

ጋሼ መከዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሲዲውን ከመከዳው ልብስ ውስጥ መዝዘው ሰጡኝ፤ ስንት ጊዜ ፈልጌው፣ ተቀምጠውበት ኖሯል። የሰኞን ወረቀትም ከኪሳቸው አውጥተው ፊቴ ዘረጉት። በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። ሦስት የፊደል ስህተት፣ ከታች ደግሞ «ቁጥርና ቀን የለውም፤ ተቀባይነት የለውም» ይላል።

እትዬ ብርሃኔ ገብተው የት ከረሙ ቢሏቸው፣ «ማንጎ ደርሶ ነው። ወፍ ይበላዋል» አሉ። እኔም አዎ፣ ማንጎ ነው አልኩ።

እንግዲህ ሲደመር ነገሩ ያን ያህል አይደለም። አንዲት ቁጥር ዜሮ ሆና ከረመች፣ ማንጎም ደረሰ፣ ሌላ የሆነ ነገር የለም። ሠላሳዋን ግን ስልሳ አድርጌያታለሁ። ጋሼ መነጽራቸውን እስኪያወጡ ኮምፒውተሩ ይጠብቃል።