ከሳህኑ ሥር የተለጠፈው

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃውን እየተራገምሽ ነው የምትወጪው? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ያ ተናካሽ ድመትሽስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ዘንድሮ ሐይቁ ቶሎ በረዶ ያዘ፤ መስኮቶቼን በላስቲክ ሸፍኜ ተቀምጫለሁ። ሰባት ጊዜ ደውዬልሽ አላነሳሽም። ቆጥሬብሽ አይደለም፣ ስልኩ ራሱ ነው የሚቆጥረው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጥቅል ይደርስሻል። ደብዳቤውን አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳትከፍቺው። ጠባይሽን ስለማውቅ እንደምትከፍቺው አልጠራጠርም፤ ቢሆንም እለምንሻለሁ።

እማዬን የቀበርን ሳምንት የተናገርሽኝን አልረሳሁትም። የእማዬን ቤት ዕቃ አብረን እንለይ ብዬ ስለምንሽ፣ የመቃብሩ ጭቃ ከጫማሽ ላይ ሳይደርቅ፣ "አንቺ ሰልባጅ ሻጭ! እዚያ ሱቃችሁ የሰው ዕቃ ሲመጣ ምርጥ ምርጡን ለራሳችሁ እያነሳችሁ ውዳቂውን አይደል ለደሃ የምትሰጡት?" አልሽኝ። ከዚያ ብቻሽን ቤቱን ባዶ አድርገሽ፣ በእኛ ሱቅ በር አልፈሽ፣ ሃምሳ ማይል ነድተሽ ሌላ ከተማ ያለው ቅርንጫፋችን አራገፍሽው። የእኔ እጅ እንዳይነካው መሆኑ ነው። ይህን የነገረኝ ባልሽ ነው፤ አትቆጪው።

እንግዲያው አሥራ አንድ ዓመት ከሱቁ ኋላ ክፍል ቆማ ሰው በነጻ የሰጠንን ዕቃ ከከረጢት ስትፈታ የኖረች ሴት ትንገርሽ። እኛ ለደሃ ዕቃ አናድልም፤ ለመጣው ሁሉ እንሸጣለን። የጥርስ ሐኪሙ ሚስት እንኳ ከእኛ ነው የምትለብሰው፣ እሷ ስለገዛች ማንም ራቁቱን አልቀረም። ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ ሥራ ያጣ ሰው ሥራ ይማርበታል። እሠራበት የነበረው የወረቀት ፋብሪካ ሲዘጋ እኔስ የት የወደቅሁ ይመስልሻል? እኛ ሠራተኞቹ ደግሞ አንድ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ሙሉ ቀን ሳይውል መግዛት አንችልም። ስንገዛም ሒሳቡን የሚቀበለን ሌላ ሰው ነው። አለቃችን አርሊስ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚያ ሱቅ የገዛሁት አንድ ጃንጥላ ነው፤ እሱም ያፈሳል።

አንዱን ነገር ግን ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። የተሰጠ ዕቃ በተሰጠበት ቦታ አይቀርም። አንዱ ቅርንጫፍ ያልሸጠውን በጭነት መኪና ለሌላው ይልካል። ባለፈው ረቡዕ መኪናው መጥቶ ትልቁን ሳጥን ስከፍት የእማዬ ሰማያዊ የመጋገሪያ ሳህን ቁጭ ብሏል። ያ ጠርዙ የተሸረፈው፣ ድንች በክሬም ጋግራ ለቤተ ክርስቲያን ምሳ ይዛው የምትሄደው። ሥሩን ገለበጥኩት። እንደ ማንኛዋም የዚህ አገር ሴት ሳህን፣ ምሳው ላይ ከሌላ ሰው ሳህን እንዳይቀያየር፣ "ቶርዲስ" የሚለው ስሟ በፕላስተር ተለጥፎበታል። ከጎኑ ግን ሌላ አዲስ ፕላስተር አለ። ጽሕፈቱ የእማዬ ነው፤ በመጨረሻው ክረምት እጇ ሲንቀጠቀጥ እንደምትጽፈው። ዕቃዋን ለማን እንደምትተው እየጻፈች ኖሯል፤ ለሁለታችንም ትንፍሽ ሳትል። አንቺ ያው የምሳው ስም ነው ብለሽ ሳታይው አልፈሻል። አልፈርድብሽም፣ እኔም ብሆን አልፈው ነበር።

እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ሳህኑን ልደብቅበት እጄ ቦርሳዬ ድረስ ሄዷል፣ አልዋሽሽም። ግን እንዲያ ካደረግሁ የሰደብሽኝ ስድብ እውነት ሊሆን ነው። ስለዚህ ዋጋ ለጠፍኩበትና በገዛ እጄ አውጥቼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

ሐሙስን እንዴት እንደዋልኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ከምሳ በኋላ አንዲት ቀይ ካፖርት የለበሱ ሴትዮ አንስተው ጋሪያቸው ውስጥ ከተቱት። ሱቁን ሁሉ አዞሩት፤ እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አብሬ ዞርኩ። እንዲተዉልኝ ልጠይቃቸው አስቤ ተውኩት። ገንዘብ መክፈያው ጋ ሲደርሱ ሳህኑን ገለበጡትና አርሊስ ላይ ጮኹባት። "ይሄ እኮ የሰው ሳህን ነው! ስም ተጽፎበት እያያችሁ ትሸጡታላችሁ? አንድ የቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ ተረስቶ ይሆናል፤ ባለቤቷን ፈልጋችሁ መልሱላት እንጂ!" አርሊስ "እማማ፣ ሰው ሰጥቶን ነው" ብትላቸው ብትላቸው ወይ ፍንክች! "እኔ ሰባ ዓመቴ ነው፤ የሰው ስም ያለበት ሳህን ቤቴ ገብቶ አያውቅም" ብለው ጥለውት ወጡ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። አብራኝ የምትስቅ ግን አጠገቤ አልነበረችም።

ዓርብ ጠዋት እንደማንኛውም ደንበኛ ተሰልፌ ገዛሁት። አርሊስ ናት የተቀበለችኝ። ደረሰኙን ሳህኑ ውስጥ አድርጌልሻለሁ፣ ሰረቀች እንዳትዪ።

ከዚያ ሳጥን የወጣውን ሌላውንም ሁሉ ገልብጬ አየሁ። ድስቱን፣ ትሪውን፣ የወተት ማንቆርቆሪያውን። በመኪናው አብሮ ከመጣው የእማዬ ወጥ ቤት በርጩማ ሥር ሳይቀር ተንበርክኬ አየሁ። ምን እንደምፈልግ አትጠይቂኝ። ሌላ የተጻፈ ስም የለም።

የምስጋና በዓል እየደረሰ ነው። እዚህ ማንም አይመጣብኝም፤ አራት ወንበር አለኝ፣ ሦስቱ አቧራ ጠጥተዋል። ድንቹን ከጋገርሽ ሳህኑን ይዘሽ ነይ። ካልመጣሽም ጋግሪበት፣ ባዶውን አታስቀምጪው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ከበረዶው መንገድ ይጠብቅልሽ፣ እኔንም ድምፅሽን ያሰማኝ።

አሁን ክፈቺው። ከማጠብሽ በፊት ገልብጪውና አንብቢ። የእኔ ስም ቢሆን ኖሮ አልልክልሽም ነበር።

ታላቅ እህትሽ