የሙልሙል ቤት

ነሐሴ 2 ቀን 1976፣ ረቡዕ

ዛሬም ጠዋቱን ሙሉ ቅማል ስቀምል። ዝናብ። ልጆቹ በረንዳው ላይ ተራ ይዘው፣ ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ ጣል እያደረጉ። ማትሪክ ተፈትና ውጤት የምትጠብቅ ልጅ ሥራዋ ይሄ ነው እንግዲህ፣ ደብተሬ። ግን እመኚኝ፣ ደስ ይለኛል። ቤት ተቀምጬ ምስር ከምለቅም ይሻላል።

እማዬ አሁንም አልለቀቀችኝም። ዶሮ ማነቂያ ጀርባ፣ ፈረንጅ በሚያስተዳድረው የሕፃናት ማሳደጊያ በነፃ ማገልገል ምን የሚሉት ነው፣ ሃይማኖትሽን አስለውጠው ይመልሱሻል ትላለች። የክርስቲያን ቤት ነው ስላት፣ የየትኛው ክርስቲያን? አለች። አስተዳዳሪዋ ሲ/ር ኢንገር ከኖርዌይ ነው የመጣችው። ትጸልያለች፣ አትሰብክም። አንቱ ስላት ተቆጥታ አስተወችኝ፣ ስለዚህ እዚህም አንቺ ናት። እሷ ደግሞ ሰውን ሁሉ፣ ዘበኛውን አባባ ደምሴን ጭምር፣ አንተ ነው የምትለው። ለምደውታል።

ዋናው ወሬ፦ ወንዶቹ ለቡሄ ወጥተው ሆያ ሆዬ ሊሉ ይፈልጋሉ። ወጥተው አያውቁም። በየዓመቱ የሰፈሩ ልጆች ከአጥሩ ማዶ ሲጨፍሩ ይሰማሉ፣ በቃ። እኔም ወንድሜ ዱላውን ይዞ ሲወጣ ሴት ነሽ ተብዬ በር ላይ የቀረሁ ነኝና ነገሩ ገብቶኛል። አለሁላችሁ አልኳቸው። ቃል ገባሁ።

ነሐሴ 4፣ ዓርብ

ልምምድ ጀመርን። ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ በሩን ዘግተን። አውራጅ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ሽመልስ አሉ። ሽመልስ ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ሳህን ሲያጥብ ማንጎራጎር ሲጀምር ግን ወጥ ቤቷ ሥራ ትፈታለች። ግጥሙን እዚያው ይፈጥረዋል። የጫማዬን ቀዳዳ ሳይቀር ገጠመበት። ልጆቹ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔም።

አባባ ደምሴ በድብቅ ጅራፍ እየገመዱ ነው። ምንድነው ስላቸው፣ የበቅሎ መንጃ አሉኝ። በቅሎዋ የት እንዳለች አልነገሩኝም።

ነሐሴ 5፣ ቅዳሜ

ሲ/ር ኢንገር ሰማች። እምቢ።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልጆቼ በር እያንኳኩ ዳቦ አይለምኑም አለች። ልመና አይደለም፣ ባህል ነው፣ ቡሄ ሲደርስ የማይወጣ ወንድ ልጅ የለም አልኳት። ለፈለፍኩ። ከዚያ አንድ ነገር ነገረችኝ። ሽመልስን ያገኘችው ሥላሴ ደጃፍ ነው። ከእናቱ ጋር እጁን ዘርግቶ። እናቱ ስትሞት ወደዚህ አመጣችው። ያንን እጅ እኔ ነኝ ያጠፍኩት፣ ተመልሶ ሲዘረጋ አላይም አለች።

ልክ ናት። እኔም ልክ ነኝ። ወደ ቤት ስመለስ ፒያሳ ሁሉ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ቀይ ጨርቅ ሲለብስ፣ መሰላል ለመሰላል ሲጋጭ፣ እኔ ብቻዬን እያወራሁ አለፍኩ። አንዱ ቀለም ቀቢ ከላይ ሆኖ፣ እህት፣ ከማን ጋር ነው ጠቡ? አለኝ።

ነሐሴ 7፣ ሰኞ

የባሰ መጣ። ሽመልስ ራሱ አልወጣም አለ። ሳህኑን እያጠበ፣ ቀና ሳይል፣ እኔ ብዙ ደጅ ቆሜያለሁ እትዬ ሰብለ፣ ይበቃኛል አለኝ። ሌሎቹ ያለ እሱ አይሆንላቸውም። ልጁን አሳፈርኩት መሰለኝ። ከፋኝ።

እማዬን ጠየቅኳት፦ ለቡሄ ሙልሙል የሚሰጠው ለምንድነው? ምስሯን እየለቀመች፣ ይመርቁሻላ አለች። ልጅ ያልጨፈረበት ደጅ ምን ደጅ ነው፣ የሚያሳዝነውስ እሱ ቤት ነው፣ ቡሄ ጭር ያለበት።

ቆይ። ቆይ፣ ደብተሬ። ቡሄ ጭር የሚልበት ቤት የእኛው ማሳደጊያ አይደል እንዴ? አንድ ልጅ ጨፍሮበት አያውቅም። እኛ ሙልሙል ብንጋግርስ? የሰፈሩ ልጆች ቀድመው ወደ እኛ ቢመጡስ? ሰጪው ሽመልስ ቢሆንስ? እስኪነጋ እንዴት እችላለሁ።

ነሐሴ 9፣ ረቡዕ

ሲ/ር መስጠት ከሆነ እሺ አለች። እሺ ብቻ አይደለም፣ ካልጋገርኩ አለች። ጠዋት ስደርስ ግቢው ሄል ሄል ይሸታል። ክብ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ ዳቦ፣ ሁለት ትሪ ሙሉ። ምን ገባበት? ቅቤ። ወተት። እንቁላል። በፍልሰታ። ልጆቹ ከብበው ያያሉ፣ የሚነካ የለም። ትንሿ ብርቄ ምራቋን እየዋጠች ጾም ነው አለቻት። ሲ/ር በጾም ወተት እንደማይጠጡ ታውቃለች። ዳቦ ውስጥ የገባው ግን ተጋግሮ ያለቀለት መስሏት ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ፊቷ እስኪቀላ ሳቀች። አባባ ደምሴ ጾሙ እስኪፈታ ይደርቃል ብለው ከልባቸው አዘኑ።

ከሰዓት እንደገና፣ ለሙከራ። ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ ዘይት። ሙልሙል ረዘም ብሎ ጫፍና ጫፉ ሾል ይላል፤ የሲ/ር ሁሉ ክብ እየሆነ አስቸገራት። ሽመልስ እጇን ይዞ አሳያት። ያኔ ነው በር ላይ ቆመህ ታድላለህ ያልኩት። እኔ? አለ። አንተ አልኩት። ሳህኑን ሲያጥብ አንጎራጎረ።

ነሐሴ 12፣ ቅዳሜ፣ ምሽት 1 ሰዓት

አሁን ገባሁ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ። ቀሚሴን ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

በሩን ወለል አድርገን ከፈትን። ሽመልስ ጠዋት የጋገርነውን ሙልሙል በሰፌድ ይዞ ቆመ። ማንም የለም። ሲ/ር እኔን ታያለች፣ እኔ መንገዱን። አባባ ደምሴ አልቻሉም፤ መንገዱ መሃል ወጥተው ጅራፋቸውን አጮኹት። ዶሮ ማነቂያ ሰማ። ልጆች ጎረፉ።

ፊታውራሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የፒያሳው ወርቅ ሠሪ ልጅ። ቆዳ ጫማ፣ ሹራብ፣ ጉንጩ የሞላ። በዱላው መሬት እየደቃ ሽመልስን ጌታዬ እያለ አወደሰው። ከኋላው የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ። ሲ/ር ጆሮዬ ሥር፣ ያ ልጅ ቤቱ ዳቦ የለም? አለችኝ። ሞልቷል አልኳት። ሽመልስም ሰምቷል። ሙልሙሉን ሰጠው። ልጁ በሁለት እጁ ተቀብሎ ቤቱን መረቀ። ሽመልስ ያንን የተዘረጋ እጅ ትክ ብሎ አየው።

ሰፌዱ ሲራቆት ለብርቄ አስያዛትና ዱላ ስጡኝ አለ። ሲ/ርን አያት። እሷም ጃንጥላዋን አንሥታ ተከተለችው። ወንዶቹ በሙሉ ከኋላ፣ እኔም ከኋላ። ሴት ነሽ ያለኝ የለም።

ስንቱ ደጅ ተጨፈረ። መጨረሻው የእኛ ቤት፣ ውቤ በረሃ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሽመልስ አወረደ፦

ለሰፈሩ ሁሉ ሙልሙሉን ሰጥተናል፣
የእርስዎን ቤት ደግሞ ልንመርቅ መጥተናል።

ሆ አሉ። እማዬ ደስ አላት፣ ዓይኗ ያሳብቃል። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀች፦ "የማን ልጅ ነህ አንተ?"

"የሙልሙል ቤት ልጅ ነኝ፣ እማማ።"

የሰፈሩ ልጆች ከሰዓት በኋላ ያወጡልን ስም ነው ለካ። እማዬ ሙልሙሏን ሰጠችው፣ ሲ/ርንም ይግቡ እንጂ ብላ እጇን ይዛ አስገባቻት። ሲ/ር አንተ ጥሩ ነህ አለቻት። እማዬ እስካሁን ትስቃለች።

ነሐሴ 13፣ እሑድ ጠዋት

ማሳደጊያው በረንዳ ላይ ሆኜ። ሽመልስ እማዬ የሰጠችውን ሙልሙል አልበላውም። ትራሱ ሥር አሳድሮታል። ሥላሴ ውሰጂኝ አለኝ። እዚያ አጠገባቸው የሚቀመጡ ዓይነ ስውር እማማ ነበሩ፤ እናቱ ባዶ እጇን የዋለች ቀን ያካፍሏቸው ነበር። ካሉ ልሰጣቸው አለ።

ለሲ/ር ነገርኳት። ያ ደጅ ነው፣ ያውም ራሱ ጠይቆ። እምቢ የምትል መሰለኝ። ተነሥታ ወጥ ቤት ገባችና ትናንት ሰፌዱ ላይ ሳይወጣ የቀረ አንድ የጾም ሙልሙል አመጣች። የራሷ ክቡ ነው። ይኼንንም ጨምርበት አለችው።

እንሄዳለን። ዝናቡም አባርቷል። እጁን ይዤው ልሂድ ብዬ ነበር፣ መንገዱ ያዳልጣል። አልሆነም፣ ሁለቱም እጁ ሙልሙል ይዟል። በሩ ላይ ቆሞ ፍጠኚ እያለኝ ነው።