አባ ያላወጡት ምስጢር

ሞላሌ፣ ኅዳር 2005 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ምንይሉ፣

ይህን በስልክ ልነግርህ አልወደድኩም፤ ሰሞኑን ስልክ ሳይ ይደክመኛል።

መስከረም ላይ ከአዲስ አበባ መጥተህ ስልኩን በእማዬ አንገት ስታንጠለጥል እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ጣቷ ደንዝዞ ቁልፍ መጫን ስላቃታት፣ ስትደውል በራሱ እንዲነሳ አደረግኸው። እንዳይጮህ ድምፁን ማጥፋትህን ግን ለእሷም ለእኔም አልነገርከንም። «እማዬ» ስትል ትሰማሃለች፤ አንተ ዝም ስትል ግን መስመሩ ላይ መኖርህን አታውቅም።

ጥቅምት ላይ ደውለህ «የግራ ዓይንሽ አያይም አሉ፤ ለምን ደበቅሽኝ?» አልካት። ይህን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለንስሐ አባቷ ለአባ ወልደ አማኑኤል። እንደ ልማዳቸው ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ከደጅ አላሳለፈቻቸውም።

«አባ፣ በንስሐ የነገርኩዎትን ለልጄ አወጡብኝ» አለቻቸው።

«ስሚ አማከለች፣ እኔ አላወጣሁም።»

መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ቁልቁለቱን ወረዱ። አንተንና እኔን ያጠመቁን፣ አባታችንን ፈትተው የቀበሩት አባ!

ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተወች። እሑድ ደወሉ ሲሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ንስሐዋን በስልኩ ሰምተህ እንደሆነ ስጠይቅህ አልደበቅከኝም። «ትንፋሿን ሰምቼ ነው የምተኛው» አልክ። «አትንገሪያት ጥሩዬ፣ ስልኩን ትጥለዋለች። ብትወድቅ በምን እናውቃለን?»

እውነትህን ነው፤ እኔም እፈራለሁ። አስተምሬ ስወጣ ወደ እሷ እየሮጥኩ፣ ቤቴ ስገባ ሌላ ሥራ እየጠበቀኝ፣ «እሱ ያዳምጣታል» ብዬ እፎይ ልል ዳድቶኝ ነበር። ግን የአባ አካሄድ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ነገርኳት።

ስልኩን ከአንገቷ አውልቃ ጎታው ላይ አስቀመጠችና በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ስጸልይም ይሰማኝ ነበር? ሳለቅስም?»

አላውቅም አልኳት።

በማግስቱ ክንዴን ይዛ አባ ቤት ሄድን። እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ቀድመው ያዟት። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉና ቆጣ ብለው፣ «የዓይን መታመም እኮ ኃጢአት አይደለም። ለእኔ የነገርሽውን ለልጆችሽ የምትደብቂው ምን ሆነሽ ነው?» አሏት።

«ሸክም እንዳልሆንባቸው ብዬ ነዋ» አለች። ለእኔ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

አሁን ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ብላለች። ስልኩንም አልጣለችውም፤ ድምፁን አስመለሰችኝ፣ በራሱ መነሳቱን አስጠፋችኝ። በጣቷ አንጓ መጫን እየተለማመደች ነው። «ሲጮህ አነሳለሁ። ካላነሳሁ ጎረቤቴን ጌታነሽን ላኩብኝ» ብላለች።

አንተን ገና ይቅር አላለችህም፤ ስምህ ሲነሳ ወሬውን ትቀይራለች። ስለዚህ አትደውል፣ ና። ደብረ ብርሃን ለሕክምና የምትወስዳት አንተ ሁን፤ እኔ ደክሞኛል ወንድሜ። ስትደርስም ዘው ብለህ አትግባ። ከደጅ ቆመህ «ቤቶች» በል። «ማን ልበል?» እስክትል ጠብቅና ስምህን ንገራት።

ደክሟትም የምትወድህ እህትህ፣
ጥሩሸዋ