ያልሰጡኝን ግጥም ተቀበልኩ

ማክሰኞ፣ የካቲት 5፤ ዳንግላ

አሁንም አላጨበጨቡም። ማለቴ፣ አጨበጨቡ፤ ግን ጭብጨባ ተብሎ አይደለም። ፊት ወንበር ላይ የተደረደሩት ባለሥልጣኖች እጃቸውን ሲያነሱ አዳራሹ ያነሳል፣ ሲያወርዱ ያወርዳል። እኔ መድረክ ላይ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እጮሃለሁ፤ ሰዉ የሚያየው እኔን ሳይሆን የእነሱን ማጅራት ነው።

ከዝግጅቱ በኋላ ግምገማ ተቀመጥን። የኪነት ቡድናችን ኃላፊ ጓድ አድማሱ ደብተሩን ዘርግቶ "ሕዝቡ ለምንድን ነው የማይሳተፈው?" አለ። አሥራ አንድ ሰው አንገቱን ደፋ። ይቺ ምላሴ ግን መቼ ታርፍና! "ግጥም ስጡን ሳንለው በምን ይሳተፍ?" አልኩት።

አባቴ አዝማሪ ነበር። በየሰርጉ ተከትዬው ስዞር ነው ያደግኩት። አዝማሪ ብቻውን ዘፍኖ አያውቅም። ከሰዉ መሀል አንዱ "ተቀበል!" ይልና ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም ያንኑ ግጥም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። የሚያለቅሰው ያለቅሳል፣ የሚሸልመው ይሸልማል። የተሰጠውን አልቀበልም ማለት ነውር ነው። እኛ የምንዘፍነው ግን በታይፕ ተመትቶ ማኅተም ያረፈበትን ነው። "ለማኅተም ማን እልል ይላል?" ልል ነበር፤ ይሄን እንኳ ዋጥኩት።

ጓድ አድማሱ እስክሪብቶውን ሲነክስ ቆየና "ጥሩ ሐሳብ ነው" አለ። እሰይ! ከተቀጠርኩ ጀምሮ ሐሳቤ ሲወደድ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

"ጥሩ ሐሳብ" ያለው ምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። ነገ እንጅባራ ላይ "ግጥም ስጡኝ" እላለሁ። የሚሰጡኝ አራት ሰዎች ግን ተመርጠው አልቀዋል። ግጥሙንም የጻፈላቸው እሱ ራሱ ነው። ድሮ አስተማሪ ስለነበር ግጥም መጻፍ ይወድዳል።

አንደኛ፣ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ፤ ስለ ምርት።
ሁለተኛ፣ አንድ ገበሬ፤ ስለ ማዳበሪያ። (ስለ ማዳበሪያ! አባቴ እንኳን ይሄን አልሰማ።)
ሦስተኛ፣ የወጣት ማኅበሩ ልጅ፤ ስለ እናት አገር።
አራተኛ፣ አስተማሪ፤ ስለ መሠረተ ትምህርት።

ማሲንቆ መቺያችን አያ ገበየሁ ክራቸውን እየሳቡ "ይርገዱ፣ ከአራቱ ውጭ የሆነ ሰው ቢሰጥሽስ?" አሉኝ።

"አልሰማሁም እላለኋ!"

"አንቺ?" ብለው ሳቁ። ከአባቴ ጋር ስንት ዓመት አብረው ዞረዋል፣ እኔንም በአንቀልባ ያውቁኛል። ሳቃቸው አናደደኝና "ምነው፣ አንቱ ደግሞ ሁሌ ክፉ ክፉውን ነው የሚታይዎ!" ብያቸው ወጣሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 7፤ እንጅባራ

ሳልተኛ ልጻፈው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጀመርን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ውጭ ፈረስ ታስሯል፤ ከገበያ የተመለሰው ሁሉ ድምፅ ማጉያውን ሰምቶ ገብቷል። "ስጡኝ!" አልኩ። ሊቀመንበሯ ቀና ሳይሉ ከወረቀት ላይ አነበቡልኝ፤ ተቀበልኩ። ባለማዳበሪያው ግማሹን ብሎ ግማሹ ጠፋበት፤ ሞላሁለት። የወጣት ማኅበሩ ልጅ ተነሣ፣ አፉን ከፈተ፣ ላብ አጠመቀው፣ ተቀመጠ።

አያ ገበየሁ ማሲንቆውን ይመታሉ፣ ይመታሉ። ሰዉ ዝም። መድረክ ላይ ያን ዝምታ ያላየ አያውቀውም። አራተኛውን መጥራት ነበረብኝ። እኔ ግን ክንዴን ወደ ኋለኛው ሰው ዘርግቼ "እናንተዬ፣ ስጡኝ እንጂ!" አልኩ። አፌ ይቆረጥ።

ከበሩ አጠገብ አንዲት ሴትዮ፣ ባዶ ስልቻ በትከሻቸው፣ "ተቀበይ ልጄ!" አሉ።

ልጄን ከወሰዱት ሁለት ክረምት ሆነኝ፣
ካለም አለ በሉኝ፣ ሞቶም እንደሁ አርዱኝ።

ተቀበልኩ። አሰብኩ ብል ውሸት ነው። ግጥሙ ከጆሮዬ አፌ ሲደርስ በጭንቅላቴ በኩል አላለፈም። እኔ ስነቃ "አርዱኝ" የሚለውን እያንጎራጎርኩ ነበር።

አዳራሹ መጀመሪያ አቃሰተ። ከዚያ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ፣ ወንዶቹ ብድግ ብድግ አሉ፣ "ድገሚው! እናትሽ ትባረክ፣ ድገሚው!" ይሄን ሁሉ ዓመት የፈለግኩት ይሄው ነው፤ ሰው ዓይኔን ሲያየኝ። ደገምኩት። የመጀመሪያው አመለጠኝ፤ ሁለተኛውን ግን አውቄ ነው። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልዋሽም።

ከፊት ወንበር ባለሥልጣኖቹ ተነሡ። ጄኔሬተሩ ጠፋ። ሁለት አብዮት ጥበቃ ሴትዮዋን ከነስልቻቸው ይዘዋቸው ወጡ። እኔን ማንም አልነካኝም።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ሴትዮዋ ቀበሌ ታስረዋል። እማማ ጥሩነሽ ይባላሉ፤ ግምጃ ቤት ከሚባለው አገር በኩል ካለ ገጠር ገብስ ሊሸጡ የመጡ ናቸው። ልጃቸው ሙሉቀን ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አንድ ደብዳቤ የለም። "ማን ላከሽ? ግጥሙን ማን ጻፈልሽ?" ሲሏቸው "ዘፋኟ ስጡኝ አለች፣ ሰጠኋት" ብለው ቁጭ ብለዋል። ታዲያ ከዚህ ሌላ ምን ይበሉ? እውነቱ እሱ ነው።

ወረቀት አወጣሁና ጻፍኩ። ግጥም ስጡኝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ የደገምኩትም እኔ ነኝ፣ ሴትዮዋ ጥፋት የለባቸውም። ፈርሜ ለጓድ አድማሱ ሰጠሁት። አነበበውና አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"አንቺን ባሳስር ሰኞ ዳንግላ ማን ይዘፍናል?"

"ሌላ ሰው ይዝፈና!"

"ይርገዱ፣ ይሄ ወረቀት ከወጣ ቀጥሎ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ሐሳቡን ያጸደቀ ማን ነው? አምስት ልጆች አሉኝ።"

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቢጮህ እጮህ ነበር። ከንፈሩ ደርቆ ሳየው ግን ትቼው ወጣሁ። ጸጸቱ አንድ ነገር፣ አቅም ማጣቱ ሌላ ነገር። ቀበሌው በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ዛሬ ገባሁ። የተቀቀለ ድንችና ዳቦ ይዤ። ጠባቂው ሐሙስ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ዓይኔን ሸሸት አድርጎ "ቶሎ ውጪ" ብቻ አለኝ።

እማማ ጥሩነሽ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

"ድምፅሽ እንዴት ያምራል! እኔ ስለው እንዲያ አልነበረም።"

እኔ አለቀስኩ፣ እሳቸው ድንቹን ላጡ። አማርኛ ሲናገሩ ቀስ ይላሉ፣ ቤታቸው የሚናገሩት አዊኛ ነው። ግጥሙን ግን ለልጃቸው ሲያንጎራጉሩት ስለከረሙ አልጠፋባቸውም። ጨርሰው ሲበሉ፣ "አንቺ አገር ለአገር የምትዞሪ ነሽ። ጦሩ ጋም ሄዳችሁ ትዘፍናላችሁ አሉ። አላየሽውም? ቀጭን ነው፣ ግንባሩ ላይ የበሬ ቀንድ የወጋው ጠባሳ አለ" አሉኝ።

አላየሁትም አልኩ። ጦር ሰፈር አንድ ጊዜ ሄጃለሁ፤ ከመድረክ ላይ ሁሉም ቀጭን ነበር። ይሄን አልነገርኳቸውም።

እሑድ፣ የካቲት 10

መላ ተገኘ አለኝ ጓድ አድማሱ። ፊቱ ትንሽ ወዝ ተመልሶለታል። ከበላይ ጋር ተነጋግሮ ያገኘው ይሄ ነው፦ ሴትዮዋ ነገ ዳንግላ መድረክ ፊት ይቆማሉ፣ አዲስ ግጥም ይሰጡኛል፣ እኔ እቀበላለሁ፣ እሳቸው ወደ ቤታቸው። በቃ። እምቢ ካሉ ጉዳያቸው ወደ ላይ ያልፋል። "ወደ ላይ" የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ግጥሙን እሱው ጽፎታል፤

ልጄ ሆይ አደራ ኋላህን አትይ፣
ድል ሳትይዝ ብትመጣ ዓይንህን አልይ።

"ዝግጅቱ በቴፕ ይቀዳል" አለ ደግሞ። "ካሴቱ ለሠራዊቱ ይላካል፣ በየምሽጉ ይሰማል።"

ማስተማሩ በኔ ላይ ወደቀ። ከእንጅባራ ስንመለስ መኪና ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አዲስ ቅዳምን እስክናልፍ አፌን መክፈት አልቻልኩም። በኋላ ቀስ ብዬ አልኩላቸው። አንዴ ሰምተው በቃላቸው ያዙት፤ ሁለተኛውን ስንኝ ግን አልደገሙልኝም።

"ይሄን የጻፈው ሰው ልጅ አለው?" አሉ።

"አምስት።"

ከዚያ ዳንግላ እስክንገባ ከሰል የጫኑትን አህዮች ሲያዩ መጡ።

ሰኞ፣ የካቲት 11፤ ዳንግላ

አለቀ። እንዴት እንዳለቀ ልጻፍና ልገላገል።

ጓድ አድማሱ ድምፅ ማጉያውን ይዞ "ጀግናዋ እናት ጥሩነሽ ለልጃቸው ለወታደር ሙሉቀን ግጥም ይሰጣሉ!" አለ። ቴፑ ይዞራል። እማማ ጥሩነሽ ከፊት ቆሙ። አዲስ ነጠላ አልብሰዋቸዋል፣ የማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ጎንበስ ብዬ "ስጡኝ፣ እማማ" አልኩ።

ዝም።

አያ ገበየሁ ዜማውን አንዴ መቱ፣ ሁለቴ መቱ። ረስተውት ይሆናል ብዬ የመጀመሪያውን ቃል በከንፈሬ አሳየኋቸው። አዩኝ። አልረሱም። አፋቸውን ገጥመው ቆሙ፣ በቃ። ሦስት፣ አራት። በሩ ላይ ካሉት ጠባቂዎች አንዱ ተነቃነቀ። ጓድ አድማሱ ግንባሩን በመሐረብ ይጠርጋል። አያ ገበየሁ በዓይናቸው "አንድ ነገር አድርጊ" ይሉኛል። እኔ ምን ላድርግ? ምን ላድርግ? እግዜር ያሳያችሁ!

ተቀበልኩ። ያልሰጡኝን ተቀበልኩ። እሳቸው በሹክሹክታ እንደነገሩኝ አስመስዬ ጆሮዬን ወደ እሳቸው አዘነበልኩና፣ "ልጄ ሆይ አደራ" ብዬ እስከ መጨረሻው ዘፈንኩት። ድምፄ ደግሞ እንዴት ያምር ነበር! እንደ ዛሬ አምሮልኝ አያውቅም። ፊት ወንበር አጨበጨበ፣ አዳራሹ አጨበጨበ።

እማማ ጥሩነሽ አላለቀሱም። አዲሱን ነጠላ አውልቀው አጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ጠዋት ለቀቋቸው። የእንጅባራ መኪና እስኪመጣ መንገድ ዳር አብሬያቸው ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፣ ይመርቁኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከእስር ያወጣኋቸው እኔ ነኝ እኮ። መኪናው ሲታይ ነው የተናገሩት።

"ልጄ፣ እኔ እንዲያ ብያለሁ?"

"አላሉም፣ እማማ።"

"ካሴቱ ሙሉቀን ያለበት ይደርሳል?"

"አላውቅም። ሊደርስ ይችላል።"

"ቢሰማው፣ እኔ እንዳላልኩት ያውቃል አይደል? ድምፁ ያንቺ ነው። የኔን ድምፅ ያውቃል።"

"ያውቃል" አልኳቸው። "ያውቃል፣ እማማ። ልጅ የእናቱን ድምፅ ያጣል እንዴ!"

ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ስልቻቸውን አንስተው ተሳፈሩ። በመስኮት አላዩኝም።

ቢሮ ሄጄ ካሴቱን ለመንኩት። አንዷን ዘፈን ብቻ እንዲያጠፋልኝ፣ ድምፄ ተበላሽቷልና ልድገመው ብዬ። ጓድ አድማሱ ሳቀ። "ተበላሽቷል? የበላይ አካል ሰምቶ ያደነቀው እሱን ነው! ቅዳሜ በጦሩ መኪና ይሄዳል" አለኝ። አያ ገበየሁ ውጭ ይጠብቁኝ ነበር። የነገርኳቸውን ሰምተው ትከሻዬን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ።

ሙሉቀን የዚህ አገር ልጅ ነው። ሰርግ አይቷል፣ አዝማሪ አይቷል። ካሴቱ ላይ የእናቱ ስም ይጠራል፣ የሱም ስም ይጠራል፣ ከዚያ የኔ ድምፅ ይመጣል። አዝማሪ ያልተሰጠውን ግጥም እንደማይቀበል ያውቃል። እናቴ ካልሰጠቻት ከየት አመጣችው ይላል?

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ካሴቱ ገና ቢሮ ነው፤ እስከ ቅዳሜ አራት ቀን አለ።