የመጀመሪያው ውሃ

ይድረስ ለአንዲት ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ የክረምት ሳልሽ ተወሽ ወይስ አሁንም ደረትሽን ይይዝሻል? እኔ ከጉልበቴና ከእጆቼ በቀር ደህና ነኝ። እጆቼ በአመድ ውሃ ተሰነጣጥቀው የደረቀ ጭቃ መስለዋል። እስክሪብቶውን የያዝኩት በጨርቅ ጠቅልዬ ነውና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ሁለቱ ደብዳቤዎቼ ተመልሰው መጡ። ፖስተኛው ሲሰጠኝ፣ "እማማ፣ እነዚህስ መንገዱን ከእኔ በላይ ለመዱት" ብሎ ቀለደ። ፊቴን ሲያይ ግን አፈረና፣ "እዚያ ቤት የለችም አሉኝ" አለ። ሌላም ሊጨምር ብሎ ዋጠው። እኔም አልጠየቅኩትም። ዝም ማለት መልመዴን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

በእነዚያ ደብዳቤዎች የጻፍኩልሽ ስለ ዝናቡና ስለ ሎሚው ነበር። ባታነቢያቸውም አልቀረብሽም፤ ዋናውን ዘልዬዋለሁ።

አባትሽ ሃያ ዓመት ቧንቧ ሲዘረጋ ኖሮ፣ አንድ ቀን እጣቢው ወዴት እንደሚደፋ ለማየት ቧንቧውን ተከትሎ ወረደ። በእጣቢ የጠቆረውን ወንዝ አይቶ መጣ። ከዚያ ወዲያ መብራትም ቧንቧም ወደማይደርስበት ወደዚህ ኮረብታ አወጣን። የጣሪያውን ዝናብ በበርሜል አጠራቀመ፤ ጥቁሩን ጎማ ጣሪያው ላይ ጠምጥሞ ውሃውን ለፀሐይ ሰጠው። ሳሙናችን አመድና ሞራ ሆነ። ገንዳውም አንድ፣ ውሃውም አንድ፤ መጀመሪያ አንቺ፣ ቀጥሎ እኔ፣ ከዚያ እሱ፣ ከእሱ በኋላ ልብሱ። የተረፈው በጠጠሩና በሸምበቆው ተጣርቶ ሎሚውን ያጠጣል። "እኛ ቤት ውሃ ጡረታ አይወጣም" ይል ነበር። አንቺ ከገንዳው አልወጣ ስትዪ በሩን እየደበደበ፣ "አንቺ ልጅ፣ ሾርባ ልትሆኚ ነው! ተረኞች አለን!" ሲል አሁንም ይሰማኛል።

የወንድሜ ሚስት እኛ ዘንድ ያደረችበት ጊዜ ትዝ ይልሻል? ጠዋት አንሶላውን በሁለት ጣቷ አንስታ፣ "እህቴ፣ ይሄ ሲገዛም እንዲህ ነበር ወይስ ከአመዱ ጋር ነው የምትተኙት?" አለች። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም። በማግስቱ ገበያ ወርጄ በረኪና ገዛሁ፤ እንጨቱ ሥር ደበቅኩት።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቤዋለሁ፣ ልጄ። የአንቺን አሮጌ ደብተሮች እየገለጥኩ ብቻዬን ፊደል የለየሁ ሴት፣ "ዕፅዋትን ይገድላል" የሚለውን አጥርቼ አነበብኩ። አባትሽ ማንበቤን አያውቅም ነበር። አንቺ ታውቂ ነበር። አንድ ጊዜ ቢሆን ምን አለበት ብዬ አንሶላዎቹን ዘፈዘፍኩ። ሦስት ጊዜ ሆነ።

ሸምበቆው ከሥሩ ቢጫ ሆነ፤ ሎሚው ቅጠሉን አራገፈ። አባትሽ ማንንም አልጠየቀም። ቀደም ሲል ከጓደኛሽ ሽታ ያለው የፀጉር ሳሙና አምጥተሽ ነበርና፣ ቀጥታ ወደ አንቺ ዞሮ፣ "አንቺ ነሽ" አለሽ። አንቺ ገመዱ ላይ የተሰጡትን ነጫጭ አንሶላዎች አየሽ፤ ከዚያ እኔን አየሽኝ። እኔ ድስት አማስል ነበር። ድስቱ ውስጥ ውሃ ብቻ ነበር።

"እሺ፣ እኔ ነኝ" አልሽው። በሳምንቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ወረድሽ። አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

ባዶውን ጠርሙስ በሻሼ ጠቅልዬ ከሎሚው ሥር ቀብሬው ነበር። በዚያው ዓመት አባትሽ አዲስ ሸምበቆ ሊተክል እዚያው ቆፈረ። ከቀናት በኋላ የአመዱን ውሃ ወደ ጀሪካን የምገለብጥበት የፕላስቲክ አፍ ሠራልኝ፤ ቂጡ የተቆረጠ፣ ዙሪያው በጎማ የተጠቀለለ። "ለእጅሽ ይቀልሻል" አለና ሳያየኝ ሄደ። አሥር ዓመት ሠራሁበት። ባለፈው ወር ጎማው በስብሶ ተላቀቀ። ከሥሩ ያንኑ የበረኪናውን ጽሑፍ፣ "ዕፅዋትን ይገድላል" የሚለውን አነበብኩት።

ያውቅ ነበር። እስኪያርፍ ድረስ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ሳህን በላን፤ እሱም አላለኝ፣ እኔም አላልኩት፣ ሁለታችንም አልጠራንሽም። ለእኔ አዝኖ ይሁን በራሱ አፍሮ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሆነው፤ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

በርሜሉ ተሰንጥቋል፤ ሸምበቆውም ጠጠሩን የሚያጥብለት አጥቶ ደርቋል። ከጤና ጣቢያ የምትመጣው ነርስ ብቻዬን መኖር እንደማልችል ነግራኛለች፤ ዝናቡ ሲያቆም ወደ አረጋውያን ቤት ይወስዱኛል። እዚያ ውሃው ከግድግዳ ይወጣል አሉ፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም። ከእንግዲህ ብትመጪም የምትገቢበት ቤት አይኖርም። ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም። የምጽፈው እውነቱ በእኔ እጅ ተጽፎ እንዲኖር ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ተመልሶ ቢመጣም።

በመታጠቢያ ቀን ዛሬም ከጣሪያው የሚወርደውን ዝናብ በባልዲ እየተቀበልኩ ገንዳውን እሞላለሁ። ከዚያ ደጅ እወጣና አንቺ ትቆዪ የነበረውን ያህል ድንጋዩ ላይ እቀመጣለሁ። ስገባ ውሃው ቀዝቅዟል። የመጀመሪያውን ውሃ አንድም ቀን አልነካሁብሽም።

ባለሽበት ሁሉ ደረትሽን ይሙቅሽ፤ የሚያጥብሽ እጅ የማይሻክር፣ የሚያርፍብሽ አንሶላ ንጹሕ ይሁን።

ተራዋን የምትጠብቀው
እናትሽ